ፎርጅድ ነጋሪት፦ ስለ ሆርሞን ተቀባዮች፣ ስለ ሆርሞን አዛቢ ኬሚካሎችና ስለ ወንድ እንስሳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ የእንስሳት ሐኪም ከሆናችሁ የትም ብትሄዱ ትጠየቃላችሁ። እኔ ቅዳሜ ገበያ በግ ስመርጥ እጠየቃለሁ። ከአዘዞ ስመለስ ታክሲ ውስጥ እጠየቃለሁ። ሰርግ ቤት ጉርሻው አፌ ውስጥ እያለ እጠየቃለሁ። «ዶክተር፣ ኮርማዬ ላም አልከተል ብሏል። ያ የሚረጩት መድኃኒት ይሆን እንዴ?» የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ስሙን ቀይረው ያመጡታል፦ «ኢንዶክሪን ዲስራፕተር (ሆርሞን አዛቢ ኬሚካል) የወንዱን የመራቢያ አካል የሚጎዳው እንዴት ነው?» ለሁለቱም እዚሁ ልመልስ። በገጹ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሆርሞን ምንድን ነው?

ሙክት የምታውቁ ከሆነ ግማሹን መልስ ይዛችኋል። ወጠጤ ሲኮላሽ ያ ሽታው ይጠፋል። ጠቡ ይበርዳል። ስብ ይይዛል። ሰንጋም እንደዚያው ነው። የተነካው ቆለጡ ብቻ ነው፤ የተለወጠው ግን አንገቱም፣ ጠባዩም፣ ሥጋውም ነው። ስለዚህ ከቆለጥ ተነስቶ ሰውነቱን የሚያዳርስ መልእክት አለ ማለት ነው። መልእክቱ በደም የሚጓዝ ኬሚካል ነው። ሆርሞን የምንለው እሱን ነው።

ይህን በ1849 በሙከራ ያሳየው ጀርመናዊው አርኖልድ በርቶልድ ነው። የሞከረው በአውራ ዶሮ ነበር። የተኮላሹት ዶሮዎች አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጫጨ፤ መጮህም ተዉ። ፍሬውን መልሶ ሆዳቸው ውስጥ የተከለላቸው ግን ቀሉ፣ ጮሁ፣ ተደባደቡ። ነርቩ ተቆርጧል። ታዲያ መልእክቱ በደም ካልሄደ በምን ይሄዳል?

«ተቀባይ» የሚባለውስ?

በድሮው ጎንደር አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። ድምፁ ለሁሉም ይደርሳል። ብድግ የሚለው ግን አዋጁ የሚመለከተው ሰው ነው። ሆርሞንም እንደዚያ ነው። በደም ውስጥ ገብቶ ከጆሮ እስከ ሰኮና ይዞራል። የሚሰማው ግን «ጆሮ» ያለው ሴል ብቻ ነው። ያ ጆሮ ተቀባይ ወይም ሪሴፕተር ይባላል፤ ከፕሮቲን የተሠራ ነው።

ከቆለጥ የሚወጣው ዋናው የወንድ ሆርሞን ቴስቶስቴሮን ይባላል። ጆሮው የአንድሮጅን (የወንድ ሆርሞን) ተቀባይ ነው። የሚገኘው ሴሉ ውስጥ ነው። ቴስቶስቴሮን ሲይዝ ወደ ኒውክለሱ ገብቶ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ አንዳንድ ጂኖችን ያበራል፣ አንዳንዶቹን ያጠፋል። ከፊኛ ስር እንዳለው የወንድ እጢ፣ እንደ ፕሮስቴት፣ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ቴስቶስቴሮኑ መጀመሪያ ዲኤችቲ ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን ይቀየራል።

ጆሮው ባይኖርስ? ይህም በተፈጥሮ ይከሰታል። በፈረስ፣ በከብት፣ በአይጥ ታይቷል። ክሮሞዞሙ የወንድ ነው፤ ቆለጥም አለው፤ ግን ሆዱ ውስጥ ነው። ውጪው ሴት ይመስላል። የአንድሮጅን ተቀባዩ ስለተበላሸ ነጋሪቱ ቢጎሰምም የሚሰማ የለም። ተማሪ ሳለሁ ይህን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። ሆርሞን መለካት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ የሚሰማው ሴል መኖሩንም ማወቅ አለባችሁ።

ኢስትሮጅን የሴት ሆርሞን አይደለም እንዴ? ወንዱ ምን ያደርግለታል?

እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በፒያሳ በኩል ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ አስቡት። ካልተኮላሸ ሽንቱ ውስጥ የሚገኘው ኢስትሮጅን ጉድ የሚያሰኝ ነው። በርንሃርድ ዞንደክ ይህን በ1934 ሲያሳውቅ ሳይንቲስቱ ሁሉ ግራ ተጋብቶ ነበር። ከወንድ በላይ ወንድ የሆነው ድንጉላ ፈረስ የሴት የተባለውን ሆርሞን እንዲህ ሲያፈስ ምን ይባላል? ነገሩ ግን ቀላል ነው። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ቴስቶስቴሮንን ወደ ኢስትሮጅን ይቀይራል። ቆለጥ ውስጥ ደግሞ ይህ ኢንዛይም አለ።

ጥቅሙ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ዘር ከቆለጥ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ በብዙ ፈሳሽ ተበርዞ ነው። ከቆለጡ ተነስተው ኤፒዲዲሚስ ወደሚባለው ጥቅልል የሚገቡ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። የእነሱ ሥራ ፈሳሹን መምጠጥ ነው። አብዛኛውን ይመጥጡትና ዘሩ ወፈር ብሎ ይሄዳል። ልክ ጠላ ሲጠል ዝቃጩ እንደሚቀር ነው፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ዝቃጩ ነው። እነዚህ ቱቦዎች የኢስትሮጅን ተቀባይ አልፋ በብዛት አላቸው።

ተመራማሪዎች ይህ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች አራቡ። ወንዶቹ መካን ሆኑ። ምክንያቱ በ1997 ታወቀ። ቱቦዎቹ ፈሳሹን መምጠጥ አቆሙ። ፈሳሹ ወደ ኋላ ተመለሰ። ቆለጡ መጀመሪያ አበጠ፤ ቆይቶ ደግሞ ሟሸሸ። ዘሩ የተበላሸው በውኃ ብዛት ነው። ስለዚህ ኢስትሮጅንን ማብዛት ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም ወንዱን ይጎዳል። «ፀረ ኢስትሮጅን ከሆነ ለወንዱ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አይጥ ንገሩት።

ሁለተኛውስ ተቀባይ? ቤታ ይባላል። የተገኘው በ1996 ነው። የት ተገኘ መሰላችሁ? በወንድ አይጥ ፕሮስቴት ውስጥ።

ሆርሞን አዛቢ ኬሚካል ታዲያ ምኑን ነው የሚያዛባው?

ሦስት መንገድ ላስረዳችሁ። ከዚያ ውጪም አለ፤ እነዚህ ግን ዋናዎቹ ናቸው።

አንዱ ፎርጅድ ነጋሪት ነው። ኬሚካሉ ሆርሞን ሳይሆን ሆርሞን መስሎ ተቀባዩ ላይ ይቀመጣል። ሴሉም ተታሎ ይታዘዛል። በ1940ዎቹ ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ በጎች መሬት ለመሬት የሚሄድ የማገጥ ዘመድ ይግጡ ነበር። በሣሩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ጨጓራቸው ውስጥ ሲብላላ ኢስትሮጅን መሳይ ይሆናል። ሴቶቹ መካን ሆኑ። የተኮላሹት ወንዶች ደግሞ ጡታቸው አጋተ፤ ወተትም አፈሰሰ። ሽንት ቧንቧቸው አጠገብ ያለው እጢ አብጦ ሽንት የዘጋባቸውም ነበሩ። ያ የአውስትራሊያው ዝርያ ነው፤ የደጋችንን ማገጥ በእሱ ስም አትክሰሱት።

ሁለተኛው ጆሮ መድፈን ነው። ኬሚካሉ ተቀባዩ ላይ ይቀመጣል፤ ግን አያዝም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር እውነተኛው ሆርሞን እንዳይገባ መከልከል ነው። ዲዲቲ ሰውነት ውስጥ ሲቆይ የሚለወጥበት ዲዲኢ የሚባል ነገር አለ፤ የአንድሮጅን ተቀባይን እንደሚዘጋ በ1995 በአይጥ ታይቷል። ቪንክሎዞሊን የሚባለው የፈንገስ መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ አፖፕካ የሚባል ሐይቅ አለ። በ1980 አጠገቡ ካለ ፋብሪካ ዲዲቲ የተቀላቀለበት ፀረ ተባይ ፈሰሰበት። ከዓመታት በኋላ የዚያ ሐይቅ ወጣት ወንድ አዞዎች ሲመረመሩ ቴስቶስቴሮናቸው አነስተኛ፣ ብልታቸውም ከሌላ ሐይቅ አዞዎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው ጎሳሚውን ዝም ማሰኘት ነው። ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመሩት ፋታሌቶች ተቀባዩን አይነኩም። በአይጥ ፅንስ ቆለጥ ውስጥ ያሉትን ቴስቶስቴሮን ሠሪዎች፣ ላይዲግ የሚባሉትን ሴሎች፣ ያደክማሉ። ቴስቶስቴሮን ይቀንሳል። ቆለጡን ወደ ታች የሚያወርደው ሌላው ሆርሞንም ይቀንሳል። ግልገሉ ሲወለድ ቆለጡ ሆዱ ውስጥ ቀርቷል።

በየትኛው ዕድሜ ነው ጉዳቱ የሚብሰው?

ፅንስና ጨቅላ ላይ። የዚህ ገጽ ዋና ነጥብም ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ወንዱን ይመርጣሉ፤ ቶሎ ያድጋል። ስለዚህ በብዙ አገር ገና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ለሦስት አራት ሳምንት ሜቲልቴስቶስቴሮን የተቀላቀለበት መኖ ያበሏቸዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል ወንድ ሆነው ያድጋሉ። ሴት ሊሆኑ የነበሩትም ጭምር። ያንኑ መኖ ላደገች ቀረሶ ብትሰጧት ወንድ አትሆንም። በሩ ተዘግቷል።

አይጥ የምታረግዘው 22 ቀን ገደማ ነው። የወንዱ መራቢያ አካል ዕጣ የሚወሰነው ግን ከ15ኛው ተኩል እስከ 18ኛው ተኩል ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሦስት ቀን! በእነዚያ ቀናት የአንድሮጅን ሥራ ከተደናቀፈ፣ ቆይቶ የሚሰጥ ሆርሞን አይመልሰውም። ከብት አርቢ ደግሞ ይህን በሌላ መልክ ያውቀዋል። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ከአሥር ዘጠኟ መካን ናት። የወንድሟ ሆርሞን በተገናኘው የእንግዴ ልጃቸው ደም በኩል ማህፀን ውስጥ ደርሷታል። ማንም መድኃኒት አልረጨባትም። ጊዜው ነው።

ያደገ ኮርማ ግን ሌላ ነው። ዘር ለመሥራት 61 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በኤፒዲዲሚስ ውስጥ ለማለፍ ደግሞ ወደ አሥር ቀን። ስለዚህ የጎዳው ነገር ከተነሳለት ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይመለሳል። ዛሬ ያያችሁት ደካማ ዘር የሁለት ወር በፊቱን ታሪክ ነው የሚነግራችሁ። «ትናንት የተረጨው ነው» የሚለው ክስ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ኮርማዬ ደክሟል። ኬሚካሉ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ቅር እንዳትሉ።

አንድ የደምቢያ ገበሬ ኮርማውን በእግር እየነዳ አምጥቶልኝ ነበር። ጎረቤቱ ሽምብራ ላይ መድኃኒት ይረጫል፤ ተቀያይመዋል። ኮርማው ላም ላይ ይወጣል፤ ግን ላሞቹ አይፀንሱም። ከኋላው ቆሜ ቆለጡን ወደ ታች ሳብ አደረግኩ። ከላይ፣ ከአንገቱ በስተጀርባ፣ ቆዳው በእጄ ሻከረኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ መዥገር እንደ ባቄላ ተደርድሯል። ከስሩ ያረጀ ጠባሳ። አንዱ ፍሬ ከሌላው ያነሰ፣ የጠጠረ። ጎረቤትየው ንፁህ ነበር።

ቆለጥ ከሰውነቱ ሙቀት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ ማለት አለበት። ቁስል፣ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የቆላ ሀሩር ይህን ያበላሻሉ። የውርጃ በሽታ አምጪው ብሩሴላ ቆለጥ ውስጥ ይገባል። ረሃብም አለ፤ ግንቦት ላይ አጥንቱ የወጣ ኮርማ ዘሩ ቢሳሳ ምን ይገርማል? እነዚህን ሳታዩ ወደ ሆርሞን አትዝለሉ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የቆለጡን ዙሪያ ለኩት። ለውጭ ዝርያ ወይፈን በ15 ወሩ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅተኛው ነው፤ የኛ ዝርያዎች ያንሳሉ፤ ስለዚህ ከእኩዮቹ ጋር አስተያዩት። በሜትር የሚታወቀውን በላቦራቶሪ አትፈልጉ።

ፋጉሎና የሻገተ እህልስ?

እነዚህ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ሰው ግን ይቀላቅላቸዋል።

የኑግ ፋጉሎ በዚህ ጉዳይ አያሳስበኝም። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ግን ጎሲፖል የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ብዙ ሲበላ የኮርማን ዘር ይጎዳል፤ በተለይ የዘሩን ጭራ የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል። ይህ ሆርሞን ማዛባት አይደለም፤ ቀጥተኛ መርዝ ነው። ለሚደለብ ሰንጋ ምን ቸገረው፤ ዘር አይጠበቅበትም። ለሚያስጠቃ ኮርማ ግን ሌላ መኖ ፈልጉለት፤ ሲተወው ይመለሳል።

የሻገተ በቆሎ ነው ሆርሞን አዛቢው። በቆሎ ላይ የሚበቅል ፉዛሪየም የሚባል ሻጋታ ዚያራሌኖን ያመርታል። እሱ ፎርጅድ ኢስትሮጅን ነው። አሳማ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳበታል፤ ወጣት ወንዶቹ ፍላጎታቸው ይቀንሳል፣ ቆለጣቸው ያንሳል። ከብትና በግ የተሻለ ይችሉታል። ቢሆንም «ሰው አይበላውም፤ ለከብት ይሁን» የምትለዋን ነገር ተዉአት። ማጠብም ሆነ መፍጨት አያጠፋውም።

ቱፎርዲና የመድኃኒት ጀሪካን?

የአረም ማጥፊያው ቱፎርዲ ሆርሞን በማዛባት ረገድ ስሙ ከዲዲቲ ጋር እኩል አይነሳም። እኔን የሚያስፈራኝ ጀሪካኑ ነው። ባዶው የመድኃኒት ጀሪካን ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል፤ ጠላ ይጨመርበታል፤ ጥጃ ይጠጣበታል። በሳሙና አይለቅም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጓል። ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ እጣቢውን መልሳችሁ መርጫው ውስጥ ጨምሩ፤ ከዚያ ጀሪካኑን ብሱት። ካልበሳችሁት አንድ ቀን አንድ ሰው ይወስደዋል። የረጫችሁበትን ማሳ አረምም ያረገዘች ላም ወይም በግ በቶሎ እንዳትግጠው።

ወተት በሃይላንድ ብናስቀምጥስ?

ሃይላንድ የምንለው የውኃ ፕላስቲክ ቢስፌኖል ኤ የሚባለው ሆርሞን አዛቢ ኬሚካል የለውም። እሱ ያለው ጠንካራና መስታወት መሳይ ፖሊካርቦኔት በሚባለው ፕላስቲክና በአንዳንድ ቆርቆሮ ጣሳዎች የውስጥ ቅብ ላይ ነው። ቢስፌኖል ኤ ኢስትሮጅን እንደሚመስል በ1936 ታውቋል፤ ዛሬ የተነሳ ወሬ አይደለም። የሃይላንዱ ችግር ሌላ ነው፦ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አይታጠብም፤ ወተቱ ይኮመጥጣል።

የፈረንጅ ዶሮ ሆርሞን ይወጋል ይባላል። እውነት ነው?

የዛሬው ዶሮ የሚያድገው በዝርያ ምርጫና በመኖ ነው። ወሬው ግን ከባዶ አልተነሳም። አሜሪካ ውስጥ ዲኢኤስ የሚባል ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን በአውራ ዶሮ አንገት ቆዳ ስር ይቀበር ነበር። ያለ ቢላ ማኮላሸት በሉት፤ ዶሮው ይሰባል። በ1959 ለዶሮ ተከለከለ።

ለውሾችስ?

ቆለጡ ያልወረደ ውሻ ካላችሁ ችላ አትበሉት። ሆዱ ውስጥ የቀረው ፍሬ ሲያረጅ ዕጢ ሊያወጣ ይችላል። ከዕጢዎቹ አንዱ ዘርን ከሚመግቡት ከሰርቶሊ ሴሎች የሚነሳው ሲሆን ኢስትሮጅን ያመነጫል። ጡቱ ያድጋል፣ ፀጉሩ በሁለቱም ጎን እኩል ይረግፋል፣ ሌሎች ወንድ ውሾች እንደ ሴት ይከተሉታል። ባለቤቱ ያፍራል፤ ውሻው ግን እየታመመ ነው። ኢስትሮጅኑ የአጥንቱን መቅኔ ሊያዳክም ይችላል። ቀዶ ሕክምና ነው የሚያድነው።

የእንግሊዝ ኖቲንግሃም ተመራማሪዎች ደግሞ በ2016 ያወጡት ጥናት አለ። ለ26 ዓመት የአንድ ማዕከል ውሾችን ዘር ሲከታተሉ የመንቀሳቀስ ኃይሉ እየቀነሰ ሄዷል። በቆለጣቸውና በአንዳንድ የውሻ ምግብ ውስጥም ፋታሌትና ፒሲቢ የሚባል የፋብሪካ ኬሚካል ተገኝቷል። የኛ ሰፈር ውሻ የሚበላው ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖር እንስሳ ስለሆነ ጥናቱን በትኩረት አነበብኩት።

ይህ ሁሉ ለሰውም ይሠራል?

ጆሮው ያው ነው፤ የሰውና የበሬ የአንድሮጅን ተቀባይ በጣም ይመሳሰላሉ። ዲኢኤስ ለነፍሰ ጡሮች ይታዘዝ ነበር። አሜሪካ በ1971 ለእነሱ እንዳይሰጥ አስጠነቀቀች። ከእነዚያ እናቶች ከተወለዱት ወንዶች መካከል የኤፒዲዲሚስ ውኃ መቋጠርና ያልወረደ ቆለጥ ከሌላው ሰው ይበልጥ ታይቷል። ከዚህ በላይ ግን የሰው ሐኪም ጠይቁ። እኔ የበሬ ነኝ።

ተማሪዎች፦ ቄራ ስንሄድ ምን እንይ?

የኮርማ ቆለጥ ለምኑ፤ የሰንጋ አያገለግላችሁም። ከጎኑ የተጣበቀውን ገመድ መሳይ ነገር በጣታችሁ ተከተሉት፤ ኤፒዲዲሚስ ነው። ተፈቶ ቢዘረጋ ከ30 ሜትር በላይ ይሆናል። ከዚያ ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቁት። ጤነኛ ከሆነ ቢጫ ቡናማው ሥጋ ተገፍቶ ከጠርዙ ይወጣል፤ እርጥብና ለስላሳ ነው። ሟሽሾ ከሆነ አይገፋም፤ ምላጩ ስር ይጠጥራል፤ ነጭ ክርም ይታያል። የኤፒዲዲሚሱን ጭራ ቆንጥጣችሁ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አድርጉና በማይክሮስኮፕ እዩ። መስታወቱን ግን አስቀድማችሁ በእጃችሁ አሙቁት፤ ጎንደር ጠዋት ይበርዳል፤ በቀዝቃዛ መስታወት ላይ የማይንቀሳቀስ ዘር አይታችሁ ኬሚካል እንዳትከሱ።